በምጥ ጊዜ የሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ ምንድን ነው?

ናይትረስ ኦክሳይድ ሁለት የናይትሮጅን አተሞችና አንድ የኦክሲጅን አተም ተዋሕደው የሚፈጥሩት፣ ቀለም የሌለውና ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው ጋዝ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው «የሚያስቅ ጋዝ» በሚለው ስሙ ቢሆንም፣ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሳቅ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም የለም። እዚያ ከእኩል መጠን ኦክሲጅን ጋር ተቀላቅሎ፣ ምጥ የጠናባት እናት በገዛ እጇ ይዛ የምትስበው የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ያገለግላል።

«ማስታገሻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በልኩ መወሰድ አለበት። ኤፒዱራል የሚባለው በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ ሕመሙን የሚያስተላልፉትን ነርቮች ስለሚያደነዝዝ፣ በደንብ ከሠራ የምጡ ሕመም አብዛኛው ይጠፋል። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ይህን ያህል አቅም የለውም። የሚሠራው በአንጎል ላይ ሲሆን፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው ከሞርፊን ጋር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ወደ ላይ የሚጓዘውን የሕመም መልእክት ያዳክማል፤ ፍርሃትንና ጭንቀትንም ያረግባል። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች ሕመሙ ጨርሶ እንዳልተዋቸው፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው እንዳላስጨነቃቸው ይናገራሉ። ምንም ለውጥ ያላዩበትም አሉ። ሕመም እንዲጠፋላት የምትፈልግ እናት ይህን ጋዝ ብቻ ተስፋ አድርጋ ብትገባ ማዘኗ አይቀርም፤ ሕመሙን እንድትችለው የሚያግዛት ነገር ለምትሻ ግን የሚናቅ አይደለም።

ጥቅሙ ከሁሉ በላይ በጊዜ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነው። ጋዙ በደም ውስጥ ብዙ ስለማይሟሟ በሳንባ በኩል ገብቶ ፈጥኖ አንጎል ይደርሳል፤ ስትተወውም በዚያው በሳንባ በኩል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ይሁንና ከመጀመሪያው ትንፋሽ አንሥቶ ኃይሉ እስኪበረታ ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በተፋፋመ ምጥ አንዱ የማህፀን መኮማተር አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ በመሆኑ፣ እናቲቱ ሕመሙ እስኪከፋ ከጠበቀች ማስታገሻው የሚደርስላት ሕመሙ መብረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ መኮማተሩ መምጣት መጀመሩን እንዳወቀች፣ ከተቻለም ጥቂት ቀደም ብላ፣ በዝግታና በጥልቀት መሳብ ይኖርባታል። ልምድ ያላት አዋላጅ ነርስ እጇን በሆዷ ላይ አሳርፋ ማህፀኑ መጠንከር ሲጀምር «አሁን ሳቢ» የምትላት ለዚህ ነው። መኮማተሩ ሲያልፍ ጋዙን የምትስብበት ጭንብል ይወርዳል፤ በመካከል ያለው ጊዜ የዕረፍት ነው።

የመሣሪያው አሠራርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዙ በራሱ አይፈስም፤ እናቲቱ ጭንብሉን ፊቷ ላይ ወይም ቱቦውን ከንፈሯ ላይ አጥብቃ ስትስብ ብቻ ቫልቩ ይከፈታል። ከመጠን በላይ ወስዳ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት እጇ ይዝላል፣ ጭንብሉ ይወድቃል፣ የምትተነፍሰውም የክፍሉን አየር ይሆናል። ይህ ጥበቃ የሚፈርሰው ሌላ ሰው ጭንብሉን ሲይዝላት ነው። «ማርያም ታውጣሽ» እያለች አጠገቧ የቆመች እናት ወይም እኅት፣ አለዚያም የሚያደርገው የጠፋው ባል፣ ደግ አስቦ ጭንብሉን ሊይዝላት ይችል ይሆናል፤ ውኃ ማቀበልና ወገቧን ማሸት ግን ይሻላል።

ጋዙ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 ለይቶ አገኘው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሌላው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በራሱ ላይ ከሞከረው በኋላ በ1800 ባሳተመው ጽሑፍ ለቀዶ ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል ጠቆመ፤ ሰሚ ግን ሳያገኝ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። ለምጥ የዋለው በ1880 እና 1881 ሲሆን፣ ስታኒስላቭ ክሊኮቪች የተባለ ሐኪም በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ጋዙን ከኦክሲጅን ጋር ቀላቅሎ ለወላዶች ሰጠ። ወደ አዋላጆች እጅ የገባው ደግሞ ሮበርት ሚኒት የተባለው የሊቨርፑል ሐኪም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሠራው መሣሪያ ነው፤ የብሪታንያ የአዋላጆች ቦርድም በ1936 አዋላጆች ያለ ሐኪም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ይህ መሣሪያ ጋዙን የሚቀላቅለው ከተራ አየር ጋር ነበር። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 21 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ እኩል በእኩል ሲቀላቀል ለእናቲቱ የሚደርሳት ከ10 በመቶ እምብዛም አይበልጥም፤ ይህም ለእርሷም ለፅንሱም አስጊ ነው። በ1961 ማይክል ታንስታል የተባለ ሐኪም ጋዙና ንጹሕ ኦክሲጅን እኩል በእኩል ተቀላቅለው በአንድ ሲሊንደር የሚቀመጡበትን መንገድ ባሳየ ጊዜ ችግሩ ተፈታ፤ ኤንቶኖክስ የሚባለው ይኸው ነው። ብሪታንያውያን ግን እስከ ዛሬ «ጋዝና አየር» ይሉታል፤ አየሩ ከወጣ ስንት ዓመቱ!

ይህ ድብልቅ ቅዝቃዜ አይወድም። ከዜሮ በታች ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ናይትረስ ኦክሳይዱ ወደ ፈሳሽነት እየተለወጠ ከኦክሲጅኑ ይለያል፤ በዚህ ሁኔታ ሲሊንደሩ ቢከፈት መጀመሪያ ኦክሲጅን የበዛበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኦክሲጅን ያነሰው አደገኛ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩ በክረምት መኪና ውስጥ ሊያድር አይገባም።

ዛሬ በብሪታንያ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በአውስትራሊያ የተለመደ ነው፤ በእስራኤልም ሆስፒታሎች ያቀርቡታል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን በጥቂት ሆስፒታሎች ተወስኖ ከቆየ በኋላ፣ ከ2011 ወዲህ እየተስፋፋ መጥቷል። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የምትወልድ አማርኛ ተናጋሪ እናት ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ልታገኘው ትችላለች፤ ቋንቋው ካልሆነላት፣ በምጥ መካከል ማስረዳት ስለሚከብድ፣ በክትትሉ ወቅት በአስተርጓሚ ብትጠይቅ ይቀላል።

የጎንዮሽ ችግሮቹ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር፣ የአፍ መድረቅና መፍዘዝ ናቸው፤ መሳቡን ስታቆም ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይለቃሉ። ጋዙ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ቢያልፍም፣ ሕፃኑ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ያስወጣዋል፤ የማህፀኑንም መኮማተር አያዳክምም። በዚህ ረገድ የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክም ከሚችለው ፔቲዲን ከተባለው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይሻላል። ሆኖም ሳንባዋ ዙሪያ አየር የተጠራቀመባት፣ አንጀቷ የተዘጋ፣ በቅርቡ የጆሮ ወይም ጋዝ የተጨመረበት የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገች እናት ልትወስደው አይገባም፤ ጋዙ ወደ ተዘጋ ክፍተት ገብቶ ያብጣልና። በተጨማሪ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ ስለሚያደርግ፣ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ያለባት፣ ወይም በጾምም ሆነ በሌላ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያልቀመሰች እናት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

እናቲቱ የምታስወጣው ትንፋሽ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ለእርሷ ጉዳዩ የጥቂት ሰዓታት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ለምትሠራው አዋላጅ ግን አይደለም፤ በ2023 አካባቢ በእንግሊዝ አንዳንድ ሆስፒታሎች የአየር ማናፈሻቸው በቂ ባለመሆኑ አገልግሎቱን ለጊዜው አቋርጠው ነበር። ከሕንጻው ወጥቶ ወደ ከባቢ አየር ሲገባም፣ በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከ270 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይተካከላል። በስዊድን የሚገኙ ሆስፒታሎች ትንፋሹን በቱቦ ሰብስበው፣ ጋዙን ወደ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን መልሶ በሚበትን መሣሪያ ውስጥ ያሳልፉታል።