የኤዲቶሪያል ነፃነት ምንድን ነው?

ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ዋና አዘጋጁ የትኛው ዜና ፊት ገጽ ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቀር ይወስናል። ባለሥልጣን፣ ፓርቲ ወይም ባለሀብት ስልክ ደውሎ ውሳኔውን ሊያስቀይረው ካልቻለ የኤዲቶሪያል ነፃነት አለው እንላለን።

በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን፣ ማለትም ሳንሱርን፣ በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገርም አለ፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ መመራት አለበት። ግብር የምንከፍል ሰዎች ይህን አጥብቀን ልንጠይቅ ይገባል።

ሥልጣን ግን መግቢያ አያጣም። የግል ጋዜጦች ለዓመታት በብዛት የታተሙት የመንግሥት ንብረት በሆነው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ነው። በ2004 ዓ.ም. ድርጅቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም ማለት የሚያስችለውን ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። አሳታሚዎቹ ሳንሱር ተመልሶ መጣ ብለው ተቃወሙ፤ እውነታቸውን ነበር። አታሚ ጽሑፍ መራጭ ከሆነ፣ በሕግ የተዘጋው የሳንሱር ክፍል በማተሚያ ቤት በኩል ተከፈተ ማለት ነው። ማስታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ገቢው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ላይ የተንጠለጠለ ጋዜጣ እነሱን ለመውቀስ ብዕሩ ይከብደዋል።

አንባቢ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው ያነቡ የነበሩትን ሰዎች የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጠርዙ የተበላው ያ አንድ ቅጂ በአሥር እጅ ሲያልፍ አሳታሚው የሚያገኘው የአንዱን ዋጋ ብቻ ነበር። ኑሮ ከብዶት የተከራየውን አልወቅስም፤ የማንበብ ጥማቱ ያስከብረዋል። የቻለ ሰው የሚገዛው እያንዳንዱ ቅጂ ግን ዋና አዘጋጁ የማስታወቂያ ሰጪን ፊት እንዳያይ አቅም ይሆነዋል።

ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም። የሚደግፈው ፓርቲ በተነካ ቁጥር ጋዜጣውን የሚጥል አንባቢ፣ ከባለሥልጣኑ ስልክ ባልተናነሰ አዘጋጁን ያስፈራዋል። ስህተት ሲያይ ግን ቀኑንና ገጹን ጠቅሶ «ይህ ትክክል አይደለም፣ አርሙ» ብሎ የሚጽፍና በሚቀጥለው ሳምንትም ጋዜጣውን የሚገዛ አንባቢ አለ። አዘጋጅ የሚተማመነው በእሱ ነው።