ማግኔትና ሞተርን በእጅ እየሠሩ ማስተማር

ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር ለመሥራት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 1.5 ቮልት ትልቁ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ። አዲስ አበባ ላለ መምህር ስፒከሩ መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ሽቦውን ደግሞ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል።

የማግኔትና የኤሌክትሪክ ዝምድና ራሱ ከማስተማር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ ኮፐንሃገን ውስጥ ትምህርት እየሰጠ ሳለ፣ ኤሌክትሪክ ያለፈበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌ ሲያንቀሳቅስ ታየ። በ1821 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ አሽከረከረ።

ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። ማግኔት ላይ ወረቀት ተዘርግቶ የብረት ብናኝ ይነሰነስበታል። ቀጥሎ ምስማር ላይ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ ከድንጋዩ ጋር ተገናኝቶ አግራፍ ይነሳበታል። እነዚህ እምብዛም አያስቸግሩም።

ፈተናው ሞተሩ ላይ ነው። ሽቦው ድንጋዩ ላይ አሥር ዙር ያህል ይጠቀለልና ከድንጋዩ ይወልቃል፤ ሁለቱ ጫፎች ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ከዚያ ጥቅሉን አቁሞ ይዞ የጫፎቹን ቫርኒሽ በምላጭ መፋቅ ነው። አንዱ ጫፍ ዙሪያውን፣ ሌላው ከላይ ግማሹ ብቻ። መርፌ ቁልፎቹ በድንጋዩ ሁለት ጫፎች ላይ ቆመው ይታሰራሉ፤ የጥቅሉ ጫፎች በቀዳዳቸው ያልፋሉ፤ ማግኔቱ ከጥቅሉ ሥር ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ብዙ መምህር የአፋፋቁን ነገር እንደ ትእዛዝ ተናግሮ ያልፋል። እኔ ግን የትምህርቱ እምብርት እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱም ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከተፋቀ፣ ማግኔቱ ጥቅሉን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ግማሽ ዙር ወደኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ይወዛወዛል እንጂ አይዞርም። ግማሹ ሲፋቅ ግን የኋሊት ግፊቱ ሊመጣ ሲል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ጥቅሉም በያዘው ፍጥነት ያልፈዋል። ባለ ካርቦን የፋብሪካ ሞተር ላይ ለዚህ ሲባል ኮሙቴተር፣ ማለትም ከጥቅሉ ጋር የሚዞር የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበትና እሱን የሚነካው ካርቦን፣ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየግማሽ ዙሩ ይቀይሩታል። ተማሪው መጀመሪያ ሁለቱንም ፍቆ ሲወዛወዝበት ቢያይ፣ ምክንያቱን ራሱ ይደርስበታል።

ጥቅሉ ሲቆም ሽቦው ቶሎ ይግላል፤ ድንጋዩም ያልቃል። ወዲያው ማላቀቅ ነው። የግድግዳ ሶኬትማ በጭራሽ!

ከዞረ በኋላ ማግኔቱ ይገለበጥ፤ የሚዞርበት አቅጣጫ ይቀየራል። ድንጋዩን ብቻ ማዞርም ያንኑ ያመጣል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲገለበጡ ግን አቅጣጫው እንደነበረ ይቀጥላል።