የመኪና ሪሞት ሲያስቸግር፦ የሚባለውና እውነታው

የመኪና ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም። ከሩቅ ይከፍት የነበረው መጠጋት ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጫኑት እምቢ ይላል። በዚህ መሃል የሚሰማው ምክር ገሚሱ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል፤ ገሚሱ ደግሞ ደህናውን ሪሞት ያበላሻል።

«ባትሪው ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም»

ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ግን ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ቤት የተቀመጠውን ሁለተኛውን ሪሞት አምጥተው ይሞክሩ። እሱ በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሪሞት ነው። ሁለቱም እኩል ካስቸገሩ ግን ወደ መኪናው ይዙሩ፦ የደከመ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተበላሸ ሲግናል መቀበያ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ሲያቆሙ ብቻ እምቢ ብለው ሌላ ቦታ የሚሠሩ ከሆነ የሬዲዮ ሞገድ መጋጨት ነው። አብዛኞቹ ሪሞቶች በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ በዚሁ ሞገድ የሚጠቀሙ ሌሎች መሣሪያዎችም ሞልተዋል። መኪናው ውስጥ የተሰካ ጥራት የሌለው የስልክ ቻርጀርም ይረብሻል፤ ነቅሎ መሞከር ምንም አያስወጣም።

«አዲስ ባትሪ ገብቶለታል፤ ስለዚህ ከባትሪው አይደለም»

ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ይዩ። ሲአር 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሲአር 2025 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ብቻ ነው። ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ሪሞቱም ይሠራል፤ ኪስ ውስጥ ሲንገጫገጭ ግን ባትሪውን ከሚነካው የብረት ምላስ ይላቀቅና «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም» የሚባለው ጣጣ ይጀምራል።

ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪም «አዲስ» ይባላል። በቴስተር ሲለካ ደህናው ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ2.8 በታች ካሳየ ይለውጡት። ቴስተሩ 3 ቮልት አሳየ ማለት ግን ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም። ቴስተር ከባትሪው የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ሪሞቱ ሲግናል ሲልክ ግን በአንዴ ብዙ ይስባል፣ ያን ጊዜ የደከመው ባትሪ ቮልቱ ይወድቃል። በብርድ ደግሞ ይብስበታል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ባትሪዎች ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ መራራ ቅባት ይቀባሉ፤ ያ ቅባት በአንዳንድ ሪሞቶች ላይ የብረቱን ንክኪ ይከለክላል። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ጠርዙን ይጥረጉት፣ የተኛውን ምላስም በቀስታ ቀና ያድርጉት። አሮጌውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ትተው አይሂዱ፤ ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል።

«ባትሪው ካለቀ መኪናው አይነሳም»

ይነሳል። ሪሞቱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ በር የሚከፍተው በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ፣ እና ባትሪ የማያስፈልገው የኢሞቢላይዘር ቺፕ፤ መኪናው የራሱ ቁልፍ መሆኑን አውቆ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው በእሱ ነው። ቺፑ ኃይል የሚያገኘው መኪናው ውስጥ ካለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ለዚህም በጣም መቅረብ አለበት። በሩን ሪሞቱ ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ ይክፈቱ፤ ቀዳዳው ካልታየዎት የበሩ እጀታ ጫፍ ላይ ያለችውን ክዳን ይፈልጉ። ከዚያ ፍሬን ረግጠው ሪሞቱን የማስነሻው በተን ላይ አስጠግተው በተኑን ይጫኑ። አንዳንድ መኪና የተለየ ቦታ አለው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

«ባትሪ ሲወጣ ፕሮግራሙ ይጠፋል»

በአብዛኞቹ አይጠፋም፤ መኪናው ሪሞቱን የሚያውቅበት መረጃ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቆይ ሜሞሪ ላይ ነው። ከመኪናው ጋር የሚያለያየው ሌላ ነገር ነው። ሪሞቱ የሚልከው ኮድ በተኑ በተጫነ ቁጥር በቆጠራ ይለወጣል፤ ሕፃን ሩቅ ቦታ ሆኖ ሲጫወትበት ከዋለ የሪሞቱ ቆጠራ መኪናው ከሚጠብቀው ቀድሞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መኪናው አጠገብ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትሎ መጫን ይበቃዋል።

«በስልክ ካሜራ አይተህ ብርሃን ከሌለው ተበላሽቷል»

ይህ ለቴሌቪዥን ሪሞት ነው፤ እሱ በኢንፍራሬድ ይሠራል። የመኪናው በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ደህና ቢሆንም ካሜራው ላይ ምንም አይታይም።

«ሪሞቱን ጭንቅላት ላይ ማስጠጋት ቀልድ ነው»

ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት አለው። ጭንቅላት በውሃ የተሞላ ስለሆነ ሞገዱን ያግዛል፤ ጥቂት ሜትሮች ሊጨምር ይችላል። በየቀኑ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ግን ባትሪውን ይለውጡ።

«አንዱ በተን እምቢ ካለ ሪሞቱ ተቃጥሏል»

የተቃጠለ ቢሆን ሌላውም ባልሠራ ነበር። የሚያልቀው ብዙ የሚጫነው በተን ነው። ክዳኑን ከፍተው ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ማብሪያ በቀጥታ በጥፍር ይጫኑ። ከሠራ የተበላው ላዩ ላይ ያለው ጎማ ነው። ካልሠራ ወይ ማብሪያዋ አልቃለች ወይ ብየዳዋ ተሰንጥቋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

«ውሃ ከነካው ሩዝ ውስጥ ክተተው»

ሩዝ ቦርዱን አያደርቅም፤ አቧራ ብቻ ይጨምርበታል። ጉዳት የሚያደርሰው ባትሪው እያለ የቆየ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ያውጡ። ቦርዱን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው፣ ክፍቱን ነፋሻ ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ያቆዩት።

«ቀፎ መቀየር ቀላል ነው፤ ቦርዱን አውጥቶ ማስገባት ብቻ»

ቦርዱ ላይ ቺፑ ካለ ልክ ነው። በብዙ አሮጌ ሪሞቶች ግን ቺፑ ለብቻው ነው፦ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ መስታወት ወይም ጥቁር ቁራጭ፣ የቀፎው ጥግ ላይ ተጣብቃ። አሮጌው ቀፎ ከእሷ ጋር ከተጣለ አዲሱ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ስለዚህ አዲሱ መኪናውን አስነስቶ እስኪታይ ድረስ አሮጌውን ቀፎ አይጣሉ።