ግሬሊን ምንድን ነው? እንቅልፍ ያጣ ሰው ለምን ይርበዋል?

ክብደት የጨመረ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር "ምግብ ቀንስ" የሚል ነው። "ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። መጠየቅ ግን ነበረበት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግሬሊን ከሚባለው ሆርሞን እንነሳ።

ግሬሊን በአብዛኛው የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አገኙት። ሥራው ለአንጎል የረሃብ መልእክት ማድረስ ነው። የምግብ ሰዓት ሲቃረብ መጠኑ ይጨምራል፤ ስንበላ ይቀንሳል። ሌፕቲን የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ከስብ ህዋሳት ይመነጭና ሰውነት በቂ ክምችት እንዳለው ለአንጎል ይናገራል።

እንቅልፍ ሲያጥር ምን ይሆናል? በ2004 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ላይ ሞክሮታል። ለሁለት ሌሊት አልጋ ላይ የቆዩት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሌሊት በየሌሊቱ 10 ሰዓት። እንቅልፋቸው ሲያጥር ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፣ ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀነሰ። ረሃባቸውም ባሰ። በተለይ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና እንደ ዳቦና ፓስታ ያለ ምግብ ነበር።

ጥናቱ ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ሁሉም የሆርሞኑን ለውጥ በዚህ መልክ አላገኙትም። ደጋግሞ የታየው ሌላ ነገር ነው፦ እንቅልፍ የጎደለው ሰው አብዝቶ ይበላል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ግሬሊን ላይ መጫን አይቻልም። ሲያመሽ የመብያ ሰዓቱ ይረዝማል። የደከመ አንጎል ጣፋጭ ፊቱ ሲቀርብለት እምቢ ማለት ያቅተዋል። ሰውየው ሆዳም ሆኖ አይደለም፤ እንዲህ ብለን ስንፈርድበት እንበድለዋለን።

እኔን በጣም ያሳመነኝ በ2022 የወጣው ጥናት ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸውና በሌሊት ከ6.5 ሰዓት በታች የሚተኙ 80 አዋቂዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ በገዛ ቤታቸው እንቅልፋቸውን እንዲያረዝሙ ምክር ተሰጣቸው። በአማካይ ከሌሎቹ በ1.2 ሰዓት ገደማ የበለጠ ተኙ። ዳይት ያዙ ያላቸው የለም። ሆኖም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚመገቡት ከሌሎቹ አንጻር በቀን በ270 ካሎሪ ያህል አነሰ።

ዳይት የጀመሩ ደግሞ ይህን ይስሙ። በ2010 በታተመ ሌላ ትንሽ ጥናት 10 ሰዎች ምግብ ቀንሰው አንዴ ለ14 ቀን በየሌሊቱ 8.5 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለ14 ቀን በየሌሊቱ 5.5 ሰዓት የመኝታ ጊዜ ተሰጣቸው። ሚዛን ላይ የቀነሱት ተመሳሳይ ነበር፤ 3 ኪሎ ገደማ። የወረደው ስብ ግን 8.5 ሰዓት ሲሰጣቸው 1.4 ኪሎ፣ 5.5 ሰዓት ሲሰጣቸው 0.6 ኪሎ ብቻ ሆነ። እንቅልፍ ሳይኖር የቀለለ ኪሎ አብዛኛው ስብ አይደለም ማለት ነው። ጂም ለመግባት ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ ሰው፣ አምሽቶ የሚተኛ ከሆነ፣ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። አሜሪካ ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ለምትቆም እህት፣ አገር ቤት በሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። እነሱን "ራስሽን ግዢ" ከማለት፣ የእረፍት ቀን እንቅልፋቸውን ለሠርግና ለማኅበር አለመሻማት ይሻላል። የሚቻለውም ትንሹ ነገር አለ፦ ከሰዓት በኋላ ቡና መቀነስ። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ነገሩ በግልባጩም ይሠራል። ክብደት ሲጨምር አንገት አካባቢ የሚከማች ስብ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያውን ያጠብባል። ሰውየው ጮክ ብሎ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቆም ይላል፣ ደንግጦ ይነቃል። 8 ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል። ይህ ስሊፕ አፕኒያ የሚባል ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ባለቤትዎ "ትንፋሽህ ይቆማል" ካሉዎት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ሲሄዱም እሳቸውን ይዘው ይሂዱ፣ ሌሊት ያዩትን የሚናገሩት እሳቸው ናቸውና።