ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ማዘርቦርዱን አትፍረዱበት

ሰው «ዴስክቶፔ አልነሳ አለኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ ነው። ጭራሽ ጭጭ ነው? ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ጨለመ? ወይስ የዊንዶውስ አርማ ላይ ደርሶ ድርቅ አለ? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያይ ዕቃ ወደ መግዛት ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ ከሚከተሉት የተለመዱ አባባሎች አንዱን ይዞ ነው።

«ፋኑ እየዞረ ነው፣ ስለዚህ ፓወር ሳፕላዩ ደህና ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው አሳስቷል። ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያድለው ሳጥን፣ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ለየብቻ ያወጣል። ፋን የሚፈልገው 12ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የቀሩት ወርደው፣ ወይም 12ቱ ራሱ ሥራ ሲበዛበት የሚወድቅ ሆኖ፣ ፋኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይዞራል። ደግሞም ወደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ) የሚሄደው ባለ 24 ፒኑ ትልቁ ኬብል ብቻ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ሌላ ኬብል አለ። እሱ ከተረሳ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል የሚባል ነገር አላየም። ኮምፒውተሩ ሰሞኑን ተፈትቶ የተጸዳ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለውስ? ከጀርባ፣ ፓወር ኬብሉ ከሚሰካበት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ እዩ። ክብ ምልክት ባለበት በኩል ተጭና ከሆነ ጠፍታለች። አትሳቁ፣ ሰዎች በዚህች ምክንያት ስንት ኮምፒውተር ተሸክመው ወደ ጠጋኝ እንደሚወስዱ ብታውቁ።

ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን ከፍታችሁ አትነካኩ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

«ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ በቃ አልተነሳም»

በዚህ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሳወጣና ሳስገባ፣ ኬብል ሳላቅቅ ዋልኩ። ማታ ላይ ደክሞኝ የኪቦርዱን ካፕስ ሎክ ስነካው መብራቷ በራች። ደግሜ ስነካት ጠፋች። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ በሰላም ይሠራ ነበር! የሞኒተሩን ኬብል ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሰክቼው ነው። ካርድ ከተገጠመ ምስሉ በአብዛኛው የሚወጣው በካርዱ በኩል ነው።

እና ስክሪኑ ሲጨልም ካፕስ ሎክን ሞክሩ። መብራቱ ከታዘዘላችሁ ችግሩ ከምስሉ በኩል ነው፦ ኬብሉ፣ ካርዱ ወይም ሞኒተሩ። ዲዲአር 5 የሚባለው የራም ዓይነት ያላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ደግሞ ራም ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ ሲነሱ ራሙን እስኪለማመዱ ደቂቃዎች ሊፈጅባቸው ይችላል። እዚያ መሃል ተደናግጦ ማጥፋት እንደገና ከሀ ማስጀመር ነው።

«ራሙን በላጲስ ማሸት ነው መድኃኒቱ»

ላጲሱ አይሠራም አልልም፣ የቆሸሸ ጫፍ ያጸዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው ግን ራሙ ወጥቶ በደንብ መልሶ መግባቱ ነው፤ ምስጋናውን ላጲሱ ይወስዳል። እንዲህ አድርጉ። ኬብሉን ከሶኬት ንቀሉ። የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ማብሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭናችሁ ያዙ። የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ። ከዚያ አንድ ራም ብቻ አስገቡ፤ አራት ቀዳዳ ካለው ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ቀጭ እስኪል በሁለት አውራ ጣት ግፉት። ካልሆነ ሌላውን ራም፣ ከዚያ ሌላውን ቀዳዳ።

«ባትሪው አልቆ ነው»

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ሥራዋ ሰዓቱንና የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሴቲንጉን መያዝ ነው። ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ኤፍ 1 ተጫኑ ብሎ ይቆማል። ብዙዎቹ ግን ያለሷም ይነሳሉ። ታዲያ ባትሪ ቀይሮ የዳነለት ሰው ከየት መጣ? ባትሪዋ ስትወጣ የተበላሸው ሴቲንግ አብሮ ስለሚጠፋ ነው። አሮጌዋን አውጥቶ መልሶ መክተትም ያው ይሠራ ነበር።

«ፎርማት ይደረግ»

ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለታቸው ነው። ኧረ ተዉ! የአምራቹ አርማም ባዮስም ካልታየ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ አስነሱት፤ ጤነኛ ኮምፒውተር ያለ ዲስክም ባዮስ ውስጥ ይገባል። ዲስኩ ሲነቀል ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይዞራል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምትፈልጉት ፋይል ካለ ደግሞ ደጋግማችሁ አታስነሱት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ሊብስበት ይችላል።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል»

ሊሆን ይችላል፣ ግን የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ የትኛው ላይ በርቶ እንደቀረ ማየት ከግምት ይሻላል። ማብሪያውን ስትጫኑ ምንም የማይመልስላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ማዘርቦርዱ ላይ የፓወር ማብሪያውን ቀጭን ገመድ ንቀሉና የሪሴቱን እዚያው ሰኩት። ሪሴት ስትጫኑ ከተነሳ፣ የተበላሸው የኬዙ ማብሪያ ብቻ ነበር።