የወይራ ዓይነቶችና ጨው የመቻል አቅማቸው፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ

በእንጦጦና በመናገሻ ሱባ የሚበቅለው፣ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ፣ ዘይት ከሚጨመቅበት የሜዲትራኒያን ወይራ ጋር በዝርያ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በንዑስ ዝርያ ነው።

አቮካዶና ብርቱካን ቶሎ የሚጎዱበትን ጨው ወይራ ይችላል። የአፈሩ ጨው እስከ 3 ወይም 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ቢደርስ ምርቱ ብዙም አይቀንስም (ይህ የጨው መጠን መለኪያ ነው፤ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 640 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ጨው ነው)። ምስጢሩ ያለው ሥሩ ላይ ነው፤ ሶዲየምንና ክሎራይድን እዚያው ያስቀራል፣ ፖታሲየምን ወደ ላይ ያሳልፋል። ፍራንቶዮ የተባለው የጣሊያን የወይራ ዓይነት በዚህ ጎበዝ ነው። የዚያው አገር ሌቺኖ ግን ጨውን ወደ ቅጠሉ ስለሚለቅ ቶሎ ይጎዳል። የግሪኩ ካላማታና የቱኒዚያው ቼምላሊ ከቻዮቹ ይመደባሉ።

በከተማዋ ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ የማሳውን ጨው አጥቦ ስለሚያወርድ፣ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በበጋ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ባለ ችግኝ ላይ ነው። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ፣ ያልበሰለ ፍግና የበዛ ማዳበሪያ ይደራረባሉ። መጀመሪያ በፕላስቲኩ አፍ ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ቀጥሎ የታችኞቹ፣ ያረጁት ቅጠሎች ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ድርቀቱም በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ጥም ይመስለውና ትንሽ ትንሽ ውሃ ይጨምራል። ውሃው ተንኖ ጨው ብቻ ስለሚቀር ጉዳቱ ይብሳል። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ፣ ግን አጥግቦ ማጠጣት ነው፤ ከተሰጠው ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶው ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች መፍሰስ አለበት። ቅጠሉም ራሱ ጨው ስለሚመጥ ውሃው ከላይ አይረጭበት።

ከዓይነቱ ምርጫ ይልቅ እኛ አጥብቀን የምንጠነቀቀው ለመረሬ አፈር ነው። እንደ አቃቂ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ችግኙ ጎድጓዳ ቦታ ከተተከለ ክረምት ውሃ ይቋጥራል። አየር ያጣ ሥር ደግሞ ሶዲየምን ማገድ ያቅተዋል፤ ያኔ ፍራንቶዮም እንደ ሌቺኖ ይጎዳል። ስለዚህ አፈሩን ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ቆልሎ፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቀዶ መትከል ነው።

የተዳቀለ፣ ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተቀጠለበት ችግኝ የሚገዛ ሰው የላይኛውን ስም ብቻ አይጠይቅ። የሜዲትራኒያኑ ቅርንጫፍ በእንጦጦው ዓይነት ወይራ ግንድ ላይ ተዳቅሎ ይይዛል። ጨውን የሚያግደው ግን የታችኛው ስለሆነ፣ ሥሩ የየትኛው ወይራ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።