የጎጎል «አፍንጫ» ትርጉሙ ምንድን ነው?

ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ ለቁርሱ ትኩስ ዳቦ ሲቆርስ መሃሉ ላይ አፍንጫ ያገኛል። አፍንጫው የደንበኛው የኮቫልዮቭ ነው። በዚያው ጠዋት ኮቫልዮቭ መስታወት ቢያይ አፍንጫው የነበረበት ቦታ ልሙጥ ሆኗል። ሊያመለክት ሲሮጥ አፍንጫውን መንገድ ላይ ያገኘዋል። የባለሥልጣን ልብስ ለብሶ ከሠረገላ ይወርዳል!

ሩሲያዊው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል ይህን አጭር ልቦለድ በ1836 ሲያሳትመው ብዙ አንባቢ ግራ ተጋባ። እስካሁንም የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ አፍንጫው የምን ምሳሌ ነው? የወንድነት ነው የሚሉ አሉ። ሕልም ነው የሚሉም አሉ። የሕልሙ መልስ መሠረት አለው፤ ጎጎል በመጀመሪያ ረቂቁ ታሪኩን የጨረሰው ሰውየውን ከእንቅልፍ በማንቃት ነበርና። ሲያሳትመው ግን ያንን አወጣው። አንባቢው «ለካ ሕልም ነው» ብሎ እንዲገላገል አልፈለገም ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ሌላ ጥያቄ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማን በምን ይደነግጣል?

ኮቫልዮቭን እንይ። አፍንጫውን ሲያገኘው አንገቱን አንቆ «ና ወደ ቦታህ» አይለውም። ይሽኮረመማል፣ ቃል ይመርጣል። ለምን? አፍንጫው በማዕረግ ይበልጠዋላ! የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ያወጣው የማዕረግ ሠንጠረዥ የመንግሥት አገልጋዮችን በ14 ደረጃ ከፍሎ ነበር። አንደኛው ከሁሉም የበላይ ነው። ኮቫልዮቭ ስምንተኛው ላይ ነው፤ ከፍ ያለ እንዲመስል ራሱን «ሻለቃ» ያስብላል። አፍንጫው አምስተኛው ላይ ነው። «አንተ እኮ የእኔ አፍንጫ ነህ» ሲለው፣ አፍንጫው የልብሱን ቁልፎች አይቶ መሥሪያ ቤታችን አይገናኝም ብሎ ይሸኘዋል።

ሌሎቹም ያው ናቸው። የጋዜጣው ጸሐፊ የአፍንጫ ጠፋብኝ ማስታወቂያ አልቀበልም ያለው ነገሩ የማይሆን ስለሆነ ሳይሆን የጋዜጣው ስም እንዳይጎድፍ ነው። አፍንጫው አንድ ሱቅ ውስጥ ይታያል ተብሎ ሲወራ አንድ ነጋዴ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ላዩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው 80 ኮፔክ (የሩሲያ ሳንቲም) ያስከፍላል። አገሩ ሁሉ በማዕረግ፣ በስምና በገንዘብ ስለሚያስብ አፍንጫ ሲሄድ ማየት አላስገረመውም። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ወለፈንድ (ከአእምሮ ውጭ የሆነ ነገር) ይኼ ነው፤ የአፍንጫው መጥፋት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የሚገርመው፣ ይህ ከመጽሐፉ ውጭም ደርሷል። በረቂቁ ኮቫልዮቭና አፍንጫው የሚነጋገሩት ካዛን ካቴድራል ውስጥ ነበር፤ አፍንጫው ጸሎት ላይ ነው። በሳንሱር ምክንያት ሲታተም ቦታው ወደ ገበያ አዳራሽ ተቀየረ። አፍንጫ ሠረገላ መሳፈሩ አለፈ፤ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ግን አላለፈም።

ተራኪው ራሱ መጨረሻ ላይ ነገሩ አልገባኝም ይላል፤ ደራሲዎች እንዲህ ያለ ርዕስ እንዴት ይመርጣሉ ብሎም ይገረማል። ብዙዎች ይህን እንደ ማምለጫ ይቆጥሩታል። እኔ ግን ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምክንያት ቢሰጠን ኖሮ ሰዎቹን ትተን ምክንያቱን እናይ ነበር።

አፍንጫው እንደጠፋ ሁሉ ያለ ምክንያት ይመለሳል። ኮቫልዮቭም እንደ ድሮው ሴት እያየ በከተማው መንሸራሸሩን ይቀጥላል። ሱቅ ገብቶ የኒሻን ሪባን ሲገዛም እናየዋለን። ኒሻን ግን የለውም።